ሌላዋን ጣሊያን ፍለጋ፦ ከጎንደር ለምትነሱ

ጎንደር የሚመጣ ቱሪስት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠዋት ፋሲል ግቢ ይገባል። ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዶ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ፎቶ ያነሳል፣ ጊዜ ከተረፈው የፋሲልን መዋኛ ያያል፣ በነጋታው ገና ሳይነጋ ወደ ደባርቅ ይነሳል። ቁስቋም አልወጣም። ቅዳሜ ገበያ አልገባም። ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ሲጠጣ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር አላወራም። አገሩ ሲመለስ ግን ጎንደርን አይቻታለሁ ይላል።

እኛም ጣሊያን ስንሄድ ያንኑ እናደርጋለን። ኮሎሲየም፣ ቫቲካን፣ ፒሳ ከተማ ያለው ዘመም ያለ ግንብ፣ ቬኒስ፣ ሚላኖ ዱኦሞ ፊት ለፊት አንድ ፎቶ፣ የቀረውን ጊዜ ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ። ያ ሁሉ የቪዛ ውጣ ውረድ፣ ያ ሁሉ የቲኬት ገንዘብ ወጥቶበት ማለት ነው። ያሳዝነኛል፣ የእውነት። ምክንያቱም ጣሊያን ውስጥ ከጎንደር የሄደ ሰው ከማንም ፈረንጅ በተሻለ ሊያያቸው የሚችሉ ቦታዎች አሉ። ግንብ ሥር ያደገ፣ ውቅር ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ፣ ታቦት ሲወጣና ሲገባ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየ ሰው እነዚህን ቦታዎች ሲያይ ብዙ ነገር ይገባዋል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ልጁን ወይም እህቱን ሊጠይቅ ሮም፣ ቦሎኛ ወይም ሚላኖ ለሚሄድ፣ እዚያ ለሚማር፣ ወይም ለሥራ ሄዶ ጥቂት የራሱ ቀናት ለሚተርፉት ሰው ነው። ዋናው ምክሬ አንድ ነው፦ ከተማ አትቁጠሩ። አንድ ክልል ምረጡ፣ እዚያው እደሩ፣ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ተዉት።

የወረቀቱን ጉዳይ ቶሎ እንጨርሰው

ጣሊያን የሼንገን አገር ነች። የአጭር ጊዜ ቪዛው በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ያስቆያል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከቻ ከጉዞው ከ6 ወር በፊት አይቀበሉም፣ ከ15 ቀን ባነሰ ጊዜ ደግሞ ረፍዷል፤ በሰላሙ ጊዜም አዲስ አበባ ወርዶ ቀጠሮ መጠበቅ አለና ቢያንስ ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ዘመድ ቤት የምታርፉ ከሆነ የግብዣ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገርም አለ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ እንግዳ ቤቱ የሚያሳድር ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ዘመዳችሁን አስታውሱት፤ ቢረሳው ቅጣቱ እሱ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ሮምም ሚላኖም ይበራል። ይህ ጥሩ ዕድል ነው። በአንዱ ገብታችሁ በሌላው ብትወጡ መንገዱን ሁለት ጊዜ አትመላለሱም። ቲኬት ስትቆርጡ ይህን ጠይቁ።

ዘመዳችሁ የት ነው ያለው?

ጣሊያን 20 ክልሎች አሏት። ምግባቸው፣ አነጋገራቸው፣ በዓላቸው ይለያያል። የምታርፉበትን ከተማ መነሻ አድርጋችሁ በባቡር ከአንድና ሁለት ሰዓት የማይበልጥ ቦታ ፈልጉ።

ሮም ከሆናችሁ በተራራ በኩል አብሩጾ የሚባለው ክልል አለ። ናፖሊ ከሆናችሁ ሁሉም ወደ ካፕሪ ሲጎርፍ እናንተ ፕሮቺዳ የምትባለውን ትንሽ ደሴት ያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የጣሊያን የባህል ዋና ከተማ ተብላ ነበር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ ቤቶቹ ቢጫና ሮዝ ተቀብተው አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ወደቡ ላይ ይወርዳሉ። ሚላኖ ያላችሁ ማንቶቫን እዩ። ቦሎኛ ያላችሁ ደግሞ ፌራራ ሄዳችሁ ብስክሌት ተከራዩና በጥንቱ የከተማ ቅጥር ላይ ዙሩ። ቅጥሩ ዙሪያውን ወደ 9 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገት የለውም።

ትንሽ ከተማ ለመምረጥ ሁለት አስተማማኝ መዝገቦች አሉ። አንደኛው ቱሪንግ ክለብ ኢታሊያኖ የሚባለው ማኅበር ለትንንሽ የመሀል አገር ከተሞች የሚሰጠው ባንዲየራ አራንቾኔ፣ ማለትም ብርቱካናማው ባንዲራ ነው። ሁለተኛው "ኢ ቦርጊ ፒዩ ቤሊ ዲታሊያ" የሚባለው የውብ መንደሮች ዝርዝር ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁትን ምረጡ። ስሙ የገነነው ቀድሞ ተጨናንቋል። ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ የምትባለው ገደል ላይ የተንጠለጠለች መንደር አሁን በሩ ላይ ያስከፍላሉ፤ ቬኒስም ከ2024 ጀምሮ ሰው በሚበዛባቸው ቀናት አድሮ ለማይሄድ እንግዳ ክፍያ አላት።

ማደሪያውስ? ትልቅ ሆቴል አትፈልጉ። ገጠር ላይ አግሪቱሪዝሞ አለ፤ ገበሬው እርሻውን እያረሰ ክፍል የሚያከራይበትና ከማሳው ያመረተውን የሚያበላበት ቤት ነው። በተራራ መንደሮች ደግሞ አልቤርጎ ዲፉዞ የሚሉት አለ። ሕዝቡ ለቆ የሄደባቸው አሮጌ ቤቶች ታድሰው ክፍል ሆነዋል፤ እንግዳ መቀበያው አንድ ቤት ነው፣ መኝታችሁ ሦስት ቤት አልፎ ነው፣ ቁርሱ ሌላ ቤት። አብሩጾ ውስጥ ሳንቶ ስቴፋኖ ዲ ሴሳኒዮ የምትባለው የድንጋይ መንደር በዚህ ትታወቃለች። ብርዳማ ናት፣ ጃኬት ያዙ። የትም ብታርፉ ፓስፖርት ይጠይቃሉ፣ በየሌሊቱ ጥቂት ዩሮ የከተማ ግብርም አለ፤ ከክፍሉ ዋጋ ላይ ሲጨመር እንዳትደነግጡ።

ማቴራ፦ ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው

አንድ ቦታ ብቻ የማየት ዕድል ቢኖራችሁ ማቴራ ሂዱ እላለሁ።

ደቡብ ውስጥ፣ ባዚሊካታ ክልል ናት። ጥልቅ ገደል አለ፣ በገደሉ አፋፍ ላይ ከተማ ሙሉ ከለስላሳ ድንጋይ ተፈልፍሏል። ግማሹ ቤት ዋሻ ነው፣ ግማሹ ከዚያው ከተፈለፈለው ድንጋይ ፊቱ ላይ የተገነባ። ሳሲ ይሉታል። በከተማዋና በዙሪያዋ ከ150 በላይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከዓለት ስለወጣ ቤተ መቅደስ ከልጅነታችን የሰማን ሰዎች ነንና ፈረንጁ ተገርሞ የሚያልፈውን እኛ ቆም ብለን የምናየው ይመስለኛል።

ሳንታ ሉቺያ አሌ ማልቬ የምትባለውን እንዳታልፏት። የሴት መነኮሳት ገዳም ነበረች። ከውጭ ስትታይ አንድ በር ያላት የድንጋይ ግድግዳ ናት፣ ምንም አትመስልም። ስትገቡ ቀዝቃዛ ነው፣ ዓይን እስኪለምድ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ቅዱስ ሚካኤል ይታያችኋል፣ ክንፉን ዘርግቶ። ትንሽ ራቅ ብሎ እመቤታችን ልጇን እያጠባች። ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ተልጧል፣ አንዳንድ ቦታ ግን ቀዩ ዛሬ የተቀባ ይመስላል። ከ700 ዓመት በላይ የቆዩ ሥዕሎች ናቸው። እኔ እዚያ ቆሜ ያሰብኩት የእኛን የግድግዳ ሥዕሎች ነው፤ ዓይኑ፣ የፊት አቀማመጡ፣ የሚካኤል አቋቋም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ያስመስላቸዋል። አትቸኩሉ። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ብዙ ጊዜ ክልክል ስለሆነ ስልኩን ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ ዝም ብላችሁ እዩ።

የማቴራ ታሪክ ግን ሥዕል ብቻ አይደለም። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ድሃው ሕዝብ እዚህ ዋሻዎች ውስጥ ከበቅሎውና ከዶሮው ጋር በአንድ ክፍል ይኖር ነበር። ወባ ነበር፣ የሕፃናት ሞት ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 መንግሥት ሕግ አውጥቶ 15,000 ገደማ ሰው ወደ አዳዲስ ሰፈሮች አዛወረ። ሳሲ ባዶውን ቀረ። ከዚያ ሰዎች ቀስ በቀስ ተመለሱበት፣ በ1993 ዩኔስኮ መዘገበው፣ በ2019 ማቴራ የአውሮፓ የባህል ዋና ከተማ ሆነች። ድሮ የነበረውን ኑሮ ለማየት ካዛ ግሮታ የሚባለው ዕቃው እንዳለ የተቀመጠለት የዋሻ ቤት አለ፤ አልጋው ከፍ ያለ ነው፣ ከሥሩ ዶሮ ይገባ ነበር፣ በቅሎው ከኋላ ይታሰር ነበር። ገጠር ያደገ ሰው አስጎብኚ ሳይኖረውም ይገባዋል።

ዋናው አደባባይ ሥር ደግሞ ፓሎምባሮ ሉንጎ የሚባል ግዙፍ የውኃ ጉድጓድ አለ። የዝናብና የምንጭ ውኃ እያጠራቀሙ ከተማውን ያጠጡበት ነበር። 15 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፣ እንደገና የተገኘው በ1991 ነው። ውርዱና እዩት።

እንዴት ይኬዳል? ከሮም እስከ ባሪ በፈጣኑ ባቡር 4 ሰዓት ገደማ ነው። ባሪ ዋናው ጣቢያ አጠገብ የሌላ ድርጅት ትንሽ ጣቢያ አለ፣ ከዚያ ወደ ማቴራ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ትንሽ በላይ ነው። እሁድ ባቡሩ መሥራት አለመሥራቱን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ካልሠራ በአውቶቡስ ነው የሚኬደው። ማቴራ ደግሞ እደሩ። ቀን በአውቶቡስ የመጣው ጎብኚ ሲመሽ ይመለሳል፣ ማታ መንገዱ የእናንተ ነው። ጠዋት ደግሞ ከገደሉ ማዶ ወዳለው የሙርጃ ፓርክ ተሻገሩ፤ ከተማይቱ ሙሉዋን የምትታየው ከዚያ ነው። ደረጃው ብዙ ነው፣ የሚንሸራተት ጫማ አይሆንም።

ባሪና የፍሬድሪክ ግንብ

ባሪን ብዙ ሰው ለባቡር መቀየሪያ ብቻ ያያታል። እኔ ግን ቢያንስ አንድ ሌሊት ስጧት እላለሁ። የቅዱስ ኒቆላዎስ አፅም ከ1087 ጀምሮ ያረፈው እዚህ ነው። ባዚሊካው ሥር ባለው ክፍል የካቶሊኩም የኦርቶዶክሱም ምዕመን ጎን ለጎን ሲጸልይ ታገኛላችሁ። ነጠላ ይዞ የገባ ሰው እዚያ እንግድነት አይሰማውም።

ከባዚሊካው ወጥታችሁ አሮጌው ከተማ ውስጥ አርኮ ባሶ የሚባለውን ጠባብ መንገድ ጠይቁ። እናቶች በራቸው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ኦሬኪየቴ የሚባለውን ፓስታ ይሠራሉ። ሊጡን እንደ ገመድ ያንከባልሉታል፣ ቁራሽ ይቆርጣሉ፣ በደነዘ ቢላዋ ጣውላው ላይ ጎትተው አውራ ጣታቸው ላይ ይገለብጡታል፤ ትንሽ ጆሮ ይሆናል። ፍጥነቱ ያስደንቃል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰላም በሉ። "ቦንጆርኖ ሲኞራ" ካላችሁ በኋላ ነገሩ ሌላ ነው። ግማሽ ኪሎ ግዙ፣ የዘመድ ቤት እጅ መንሻ ይሆናል።

ካስቴል ዴል ሞንቴ ከአንድሪያ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮረብታ ላይ ብቻውን የቆመ ግንብ ነው። ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬድሪክ ነው፣ በ1240 አካባቢ፤ ዐፄ ፋሲል ግንባቸውን ከማሠራታቸው 400 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ። ስምንት ማዕዘን፣ በየማዕዘኑ ግንብ፣ በሁለቱም ፎቅ ስምንት ስምንት ክፍል። የአንድ ሳንቲም ዩሮ ላይ ያለው ሥዕል እሱ ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ኪሳችሁን ፈትሹ። መጓጓዣው ያስቸግራል። መኪና ያለው ዘመድ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ከአንድሪያ አውቶቡሱ በዚያ ወቅት መሥራት አለመሥራቱን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

መኪና የምትከራዩ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የከተሞቹ መሀል ዜድ ቲ ኤል በሚባል ክልል የታጠረ ነው፤ ነዋሪ ያልሆነ መኪና በተከለከለ ሰዓት ከገባ ካሜራ ያነሳዋል፣ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤት ድረስ ይመጣል። መኪናውን ከውጭ አቁሙና በእግር ግቡ።

ጾም ላይ ከሆናችሁ

ይህን ነገር የሚጽፍ ስለማላገኝ ትንሽ ላብራራው። ጣሊያን ሄዶ በጾም መቸገር አያስፈልግም፣ በተለይ ደቡብ። የድሃ ገበሬ ምግብ ነው፣ ሥጋና ወተት እንደልብ ባልነበረበት ዘመን የተፈጠረ።

ፑሊያ (ባሪ ያለችበት ክልል) እና ማቴራ ውስጥ ፋቬ ኤ ቺኮሪያ ጠይቁ። የደረቀ ባቄላ ተቀቅሎ ይላማል፣ ጎኑ ላይ መረር ያለ የዱር ቅጠል የተቀቀለ፣ ላዩ ላይ የወይራ ዘይት። ስልጆ የሚወድ ሰው ይህን ምግብ ሳይወድ አይቀርም። በዚያ ላይ የማቴራ ዳቦ አለ፤ ዱረም ከሚባለው ስንዴ የሚጋገር ቅርፊቱ ጠንካራ ትልቅ ድፎ። ፓሌርሞ ከሄዳችሁ ፓኔሌ ብሉ፣ የሽምብራ ዱቄት ሊጥ ተጠብሶ ዳቦ ውስጥ የሚገባ። ጄኖቫ ደግሞ ፋሪናታ አለ፣ እሱም ሽምብራ ነው፣ በሰፊ መጥበሻ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። የትም ከተማ ፒዛ ማሪናራ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት ብቻ።

ሲያዝዙ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ወንድ "ሶኖ ቬጋኖ"፣ ሴት "ሶኖ ቬጋና" ካላችሁ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ዓሣም እንደማትበሉ ይገባቸዋል። አይብ እንዳይነሰነስ ከፈለጋችሁ "ሴንሳ ፎርማጆ"። ሮማኛ፣ ማለትም ራቬና ባለችበት አካባቢ፣ ፒያዲና የሚባለውን ቂጣ ከመብላታችሁ በፊት ግን ጠይቁ። በባህሉ የአሳማ ስብ ይገባበታል፤ በዘይት የተሠራም አለ።

አሁን ዋናው ችግር ሰዓቱ ነው። ጣሊያን ምሳ በእኛ ከ6፡30 እስከ 8፡30 ገደማ ነው፣ ከዚያ ወጥ ቤቱ ይዘጋል፣ እስከ ማታ 1፡30 ድረስ አይከፈትም። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ስትወጡ ሁሉም ዝግ ነው። መፍትሔው ጠዋት ነው። ቀደም ብላችሁ ፎርኖ የሚሉት ዳቦ ቤት ግቡና ፎካቻ የሚባለውን ጠፍጣፋ ዳቦ ግዙ፤ የባሪው ቲማቲምና ወይራ ያለበት ነው፣ ቀዝቅዞም ይጣፍጣል። 9 ሰዓት ሲሆን አደባባይ ቁጭ ብላችሁ ብሉ።

ቡናችሁን ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ። ቁጭ ካላችሁ በብዙ ቦታ ዋጋው ይጨምራል። ሬስቶራንት ውስጥ ደግሞ ኮፔርቶ የሚባል የመቀመጫ ሒሳብ በሰው አንድ፣ ሁለት ዩሮ ቢል ላይ ታያላችሁ፤ የተለመደ ነው፣ አያጣላም።

ወደ ሰሜን ለሚሄድ፦ ራቬና፣ ትንሽም ትሪየስቴ

ራቬና ከቦሎኛ በክልል ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ሳን ቪታሌ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን የተባረከው በ547 ነው። ግድግዳው ላይ ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ከነአጀቡ፣ ፊት ለፊቱ ንግሥት ቴዎዶራ፣ በትንንሽ የመስታወትና የድንጋይ ቁራጭ ተሥለዋል። ይህ ዮስጢንያኖስ ለዐፄ ካሌብ መልእክተኛ የላከው ነው። የአክሱምን ታሪክ ስትማሩ በስም ብቻ የምታውቁት ሰው በዘመኑ በነበሩ ባለሙያዎች እጅ ተሠርቶ ይመለከታችኋል። አጠገቡ ያለው የጋላ ፕላቺዲያ መቃብር ትንሽ ቤት ነው፣ ጣሪያው ሰማያዊ፣ በኮከብ የተሞላ። ሰው ሲበዛ የሚያቆዩት ጥቂት ደቂቃ ነውና ጠዋት በመጀመሪያው ሰዓት ግቡ።

ትሪየስቴ ሩቅ ናት፣ ወደ ስሎቬኒያ ድንበር። ቡና የሚወድ ሰው ብቻ ይሂድ። የሜዲትራኒያን ትልቅ የቡና ወደብ ናት፣ ቡናው የሚታዘዝበት ስም ራሱ ሌላ ነው፤ "ካፖ ኢን ቢ" ብትሉ በትንሽ ብርጭቆ ማኪያቶ ይመጣላችኋል።

ባቡር፣ ሰዓትና በዓል

ፈጣኑ ባቡር ቀድሞ ለቆረጠ ይረክሳል። የክልሉ ባቡር፣ ሬጆናሌ የሚሉት፣ ዛሬም ነገም ያው ዋጋ ነው። የወረቀት ቲኬት ከያዛችሁ ሳትሳፈሩ ጣቢያው ውስጥ ባለችው ትንሽ ማሽን አስመቱት። ያልተመታ ቲኬት እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፣ ተቆጣጣሪው ይቀጣል። ሰዓቱ በ24 የተጻፈ ስለሆነ 6 እየቀነሳችሁ አንብቡት፤ 14፡30 ማለት 8፡30 ነው። ሾፔሮ የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ የሥራ ማቆም አድማ ነው፣ ቀኑ ቀድሞ ይነገራልና ጉዞውን ቀይሩት።

ትንንሽ ከተሞች ከ7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ይዘጋሉ። ቤተ ክርስቲያኑም ከቀትር በኋላ ይቆለፋል። ስለዚህ ጠዋት እዩ፣ ከሰዓት ተኙ ወይም ተጓዙ፣ ወደ 11 ሰዓት ስትወጡ ከተማው ሙሉ አደባባይ ላይ ሲንሸራሸር ታገኙታላችሁ። በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ የመንግሥት ሙዚየሞች ነጻ ናቸው። መጋቢት ላይ ደግሞ ፋይ የሚባለው የቅርስ ማኅበር ሌላ ጊዜ የተዘጉ ግቢዎችንና አዳራሾችን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያስከፍታል።

ወራቱን በተመለከተ፦ ከጎንደር ደጋ ተነስቶ ሐምሌ ላይ ፑሊያ መውረድ ከባድ ነው፣ ሙቀቱ ያደክማል። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ መስከረምና ጥቅምት መልካም ናቸው። በፈረንጆች ኦገስት 15፣ በእኛ ነሐሴ 9፣ ፌራጎስቶ ይባላል፤ አገሩ በሙሉ ዕረፍት ወጥቶ ከተማው ይዘጋል፣ ባሕር ዳርቻው ይሞላል። ለእናንተ ደግሞ የፍልሰታ ጾም መሀል ነው።

በዓል ማየት ከፈለጋችሁ ግን ሙቀቱን ችላችሁ ጁላይ 2 ማቴራ ድረሱ። የብሩና እመቤት በዓል ነው፣ ማዶና ዴላ ብሩና የሚሏት። በወረቀት የተሠራ ግዙፍ ያጌጠ ሠረገላ ከተማውን ይዞራል፣ ማታ ላይ ሕዝቡ ተረባርቦ ይቆራርጠዋል፣ ቁራጩን ይዞ ቤቱ ይገባል። ጥምቀትን ያየ ሰው ግርግሩ አያስፈራውም፤ ልጅ ካለ ግን ዳር ያዙ። ትንንሾቹ በዓላት ሳግራ ይባላሉ፤ አንዱ መንደር ለአርቲቾክ፣ ሌላው ለእንጉዳይ ይደግሳል። ኢንተርኔት ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው የሚገኙት። ባር ውስጥ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ።

ሮም ውስጥ ያለችው የኛ ሮም

ሮምን ለመጨረሻ ተዉአትና ሁለት ቀን ስጧት። ኮሎሲየምን እዩ፣ ማን ይከለክላችኋል። ግን የእኛን አሻራ ተከትሎ መሄድም ይቻላል።

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ የአውቶቡስ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል። አምስት መቶዎቹ ራስ አሉላ በጃንዋሪ 26 ቀን 1887 ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ትንሽ ራቅ ብሎ ዛፍ መሀል የቆመች የግብጽ ሐውልት አለች፣ መታሰቢያቸው እሷ ናት። በወረራው ጊዜ ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሥሯ ቆሞ ነበር፤ ዘርዓይ ደረስም እ.ኤ.አ. በ1938 ሰይፉን የመዘዘው እዚያው ነው። በየቀኑ ስንት ሐበሻ ሻንጣ እየጎተተ ያልፍበታል። ቆም በሉ።

ከዚያ በሜትሮ ወደ ቺርኮ ማሲሞ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ያለው ቦታ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረበት ነው፤ በ2005 አገሩ ገባ፣ በ2008 ቆመ። ከዚያ ወደ ላተራኖ በእግር ስትሄዱ አምባ አራዳም የሚባል መንገድ ታገኛላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ስንቱ ያለቀበት ተራራችን።

ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ ቫቲካን ቅጥር ውስጥ ነው። መነኮሳቶቻችን በአሥራ አምስተኛውና በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን በእግርና በመርከብ ሄደው ያረፉበት ቤት። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 49 ያሳተሙት ሮም ሆነው ነው። በግቢው ዝም ብሎ አይገባም፣ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዘመዳችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ሳይሆን ከመሄዳችሁ በፊት ይጠይቅላችሁ።

ጎንደር ፒያሳ የሚኖር ሰው ደግሞ ሳባውዲያን ይጨምር። ከሮም በስተደቡብ፣ በላቲና በኩል፣ ረግረግ ደርቆ እ.ኤ.አ. በ1934 የተመረቀች ከተማ ናት። የእኛ ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት የተሠሩበት ዘመን ነው፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ የተጠጋጋ ጥግ፣ ረጃጅም መስኮት። የሳባውዲያ ፖስታ ቤት በሰማያዊ ሸክላ ተለብጧል። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ እጁን የሰጠው ጎንደር ላይ ነው፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.። ሕንፃዎቹ ግን ቀርተዋል፣ ዛሬም እንገለገልባቸዋለን። ወንድማቸውን በገዛ አገሩ ማየት ለልጆች ታሪክ ለማስረዳት ይጠቅማል። ላቲና ድረስ ከተርሚኒ በክልል ባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ጣቢያው ከከተማው ራቅ ያለ ነውና ከዚያ አውቶቡስ ያዙ። ከመንገድ በፊት የመመለሻውን ሰዓት ፎቶ አንሱት፤ ከመሸ በኋላ አውቶቡሱ ይሳሳል።